ጡረታ የወጣው አክስልና የተፈራ ዳገት

በእኛ ጊዜ የመኪና በሽታ በጆሮ ነበር የሚታወቀው፤ ካምቢዮው ሲያቃስት፣ ፍሬኑ ሲያለቅስ "እህ፣ ምን ሆነህ?" ብለን ስሩ እንገባለን፤ አሁን ኮምፒውተር ይሰኩበትና እሱ ይነግራቸዋል። እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ፣ አባትሽ፣ ያ ሶፋው ላይ የተጋደመው ተፈራ ደግሞ ጭነት መኪና ላይ፣ ወጣትነታችን እንዲህ ነው ያለቀው። ሰላም ልጄ፣ የተኛ እንዳይመስልሽ፣ እየሰማ ነው፤ ብዋሽ ብድግ ይላል።

ታዲያ አንቺ ሐኪም ዘንድ ወስደሽው፣ "ዓይኑ ሩቅ አያይም፣ ከእንግዲህ መንዳት ይብቃው" የተባለ ጊዜ፣ መንጃ ፈቃዱን፣ እናንተ ጄኔቭ "ፔርሚ" የምትሉትን፣ በገዛ እጁ መለሰ። ደግ አደረገ፣ ሰው ከመግጨት ይሻላል። እና ከዚያ ወዲህ ዝም አለ። እኔ ዙሪክ አጠገብ ካለችው ከሽሊረን እደውላለሁ፤ "ተፌ፣ እንዴት ነህ?" "አለሁ።" "ምን ትሠራለህ?" "አለሁ።" "ሰፈራችሁ ላንሲ ዘነበ እንዴ?" "አለሁ።" ኧረ ይሄ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያልቅብኝ ነው አልኩ።

ታዲያ አንድ ቀን ከዙሪክ ወጣ ብሎ፣ የድሮ የጦር ሠራዊት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ግቢ ስዞር ሁለት አክስል፣ ያ ግራና ቀኝ ጎማ የሚሸከመው ብረት፣ አየሁ፤ ከካሚዮን የተፈታ፣ የሞተሩን ኃይል ለጎማ ከሚያከፋፍለው ከነዲፈረንሻሉ፣ አረንጓዴ ቀለሙ እንኳ ያልለቀቀ። "ምን ሆኖ ነው?" ብዬ ብጠይቀው "ምንም አልሆነ፣ ካሚዮኑ ጡረታ ወጥቶ ነው" አለኝ። እንደ እኛ! እና ለተፈራ ደወልኩ። "ተፌ፣ መጋዘን የቆመችውን አሮጌ ጂፔን በካሚዮን አክስል እናቁማት፣ ጭቃና ዳገት እንድትወጣ። የጠጠር ማውጫ ያለው ወዳጄ ለአንድ ቅዳሜ ግቢውን ይለቅልናል፤ እዚያ አስፋልት የለም፣ የሚገጭ ሰው የለም፣ አንተ ትነዳለህ።" ወዲያው "በየትኛው ባቡር ልምጣ?" አለኝ። አየሽ? "አለሁ" አላለም! አንቺ ዙሪክ ለሕክምና የሚመላለስ መስሎሽ ሳንድዊች ስትቋጥሪለት የነበረው ለዚህ ነው።

"እኔ እኮ ልብሱ ዘይት ዘይት ሲሸተኝ..." አለች ሰላም።

ቆይ፣ አታቋርጪኝ። እና ገባንበት። ያ አክስል ጂፗ ስር ሲገባ ሕፃን ልጅ የአባቱን ጫማ ያጠለቀ ነው የመሰለው። የፊቱ ገባ። የኋላው ግን እምቢ አለ፤ የዲፈረንሻሉ ራስ በግራ ነው፣ ከሞተሩ ኃይል የሚያመጣው ዘንግ ደግሞ በቀኝ ነው፣ አይገናኙም። አባትሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ገልብጠን ብንገጥመውስ?" ገለበጥነዋ! ልክ ገባ! የዘይት መሙያው ቀዳዳ ወደ መሬት ዞሮ እያየን እንኳ አልነቃንም፤ ተቃቀፍን።

ታዲያ ዓርብ ዕለት ሞተሩን አስነሳን፣ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ፤ የፊት ጎማ ወደፊት፣ የኋላ ጎማ ወደኋላ! የተገለበጠ አክስል ጎማውን በተቃራኒ ነዋ የሚያዞረው! እኛ ዕድሜ ልካችንን መኪና ስር የኖርን ሰዎች ይህን ረሳን! ጂፗ አቃሰተች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ካለችበት ግን ፈቅ አላለችም። ባለቤቴ እታገኝ ምሳ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ "ውይ፣ ወርቁ፣ እኔንና አንተን ሠራችኋት እኮ!" አለች።

ፈትቶ ለመግጠም ጊዜ የለም፣ ቅዳሜ ነገ ነው። ተፈራ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና "በቃ፣ አልታደልኩም" አለ። ፊቱን ሳይ አንጀቴን በላኝ። እና "ቆይ" አልኩት፣ "ወደ ፊት ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ብንፈታውስ? የኋላው ብቻውን ይግፋት።"

"ወርቁ፣ የኋላው እኮ ወደኋላ ነው የሚሄደው!"

"የኋላ ማርሽ ስታስገባበትስ?"

አሰበ... አሰበ... "ወደፊት!" ብሎ ከባልዲው ተነሣ። እንዲህ አድርገን አራት ማርሽ ወደኋላ፣ አንድ ማርሽ ወደፊት ያላት ጂፕ ወለድን።

ቅዳሜ በተጎታች ጭነን ጠጠር ማውጫው ደረስን። የግቢው ባለቤት ወዳጄ፣ ያ ባለ ቀይ ጢሙ፣ "ግሩኤትሲ" ብሎ በአገሩ ቋንቋ ሰላም አለንና ጂፗን ዞሮ አየ፣ እኛንም አየ። ተፈራ መሪውን ጨበጠ። ዳገቱ ከፊቱ ነው። እና ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ወርቁ፣ ጫፉ አይታየኝም" አለኝ።

"እኔ ይታየኛል" አልኩት።

የኋላ ማርሽ አስገባ። የኋላ ማርሽ ታዲያ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ጉልበተኛ ነው፤ በዚያ ላይ የካሚዮን አክስል! በሰው እርምጃ ነው የምትሄደው። እና እኔ እጄን በሩ ላይ አድርጌ ከጎኑ በእግሬ ሄድኩ። "ትንሽ ወደ ግራ፣ ተፌ።" "እሺ።" "ድንጋይ አለ፣ ረገጥ አድርገህ እለፈው።" "አለፍኩት?" "አለፍከው!" በመስኮት እያወራን፣ እየተሳደብን፣ እየሳቅን ወጣን። ደህና መኪና ሠርተን ቢሆን ኖሮ ጥሎኝ ይሄድ አልነበር? ማን ዓይን ይሆነው ነበር? ጫፉ ላይ ሞተሩን አጠፋ። አልወረደም። መሪውን እንደያዘ ሳቀ፣ እንባው በሳቁ ላይ ወረደ። እኔም ደስ አለኝ፣ ልጄ፣ በጣም ደስ አለኝ። ቀይ ጢሙ ከታች ሆኖ ያጨበጭባል፣ "በሌላም ቅዳሜ ኑ!" እያለ ይጮኻል። "ደክሞሃል፣ እንመለስ?" ብለው አባትሽ "አንድ ጊዜ ብቻ!" አለኝ። ያቺን "አንድ ጊዜ ብቻ" እስኪመሽ ድረስ አላቆማትም።

"እና አሁን አክስሉን አስተካከላችሁት?" አለች ሰላም።

ምን ሲደረግ! እሱማ እናስተካክለው እያለ ይጨቀጭቀኛል። አላደርገውም! አራት ማርሽ ወደፊት ከሰጠሁት በየትኛው ጉልበቴ ልከተለው ነው?

ሰላም ሳቋን ስትጨርስ "ጋሼ ወርቁ፣ በሌላኛው በር በኩል የሚሄድ ሰው አለ እንዴ?" ብላ ጠየቀች።

ተፈራ ከሶፋው ብድግ አለ።

"የለም" አለ፣ "ቅዳሜ አንቺ ትሄጂበታለሽ።"