የሚደፋው ጨው

ከአሰላ ወደ በቆጂ በምትወጣው ላንድሮቨር፣ አሰብ የባሕር ውሃ ማጣሪያ የሚሠራ፣ ለእረፍት የመጣ ወጣት ከፊቴ ሆኖ አጠገቡ ለተቀመጡ ሽማግሌ ያስረዳል።

«የባሕሩን ውሃ ሞተር በኃይል ይገፋዋል፣ አባባ። ቀዳዳው በዓይን የማይታይ ወንፊት አለ፤ ውሃው ያልፋል፣ ጨው አያልፍም።»

«ጨዉስ?»

«ከቀረው ውሃ ጋር ተመልሶ ባሕር ውስጥ ይደፋል።»

«ይደፋል?»

«ምን ይደረግበታል?»

«የገበሬ ማኅበሩ ሱቅ ጨው የለውም። ላሞቼን ጨዋማ ውሃ ላጠጣ ሆራ ድረስ ሁለት ቀን እነዳለሁ። እናንተ ትደፋላችሁ።»

«የተፈለገው እኮ ሰው የሚጠጣው ነው።»

«ሰው ወንዝ ይጠጣ።»

«እዚያ ወንዝ የለም።»

«እንግዲያው ስትመለስ የምትደፉትን በጀሪካን ላክልኝ።»

«እሱ ከባሕሩም የባሰ ጨው ነው እኮ።»

«እሱን ነው የምልህ።»

ባዶ ጀሪካኔን በእግሬ ቀስ አድርጌ ወደ ወጣቱ አስጠጋሁት።