ሁለተኛውን ዓይን የመለሱት የሠዓሊ አለቃ አካለ ወልድ ሣህለ ማርያም ዜና ሕይወት

ከሞጣም፣ ከገጠሩም፣ ይህን የሐምሌ ጭቃ ችላችሁ ቢቸና የደረሳችሁ ወገኖቻችን፣ እግራችሁ ይባረክ። አፈር ከማልበሳችን በፊት እስቲ ጥቂት አረፍ በሉና እኒህ ሰው ማን እንደነበሩ ስሙልን፤ ከቤት እንደ ተነገረ እንዲሁ ይነበባል።

አለቃ አካለ ወልድ ከአባታቸው ከቄስ ሣህለ ማርያም ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በ1911 ዓ.ም. ከቢቸና ወጣ ብላ ባለች መንደር ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ወደ ቅኔ ቤት ሊገቡ ተዘጋጅተው ሳለ፣ ቁራጭ ብራና ባገኙ ቁጥር በከሰል የሰው ፊት ሲሥሉበት ያዩ አባታቸው "የዚህስ ጥሪው ሌላ ነው" ብለው ለሠዓሊው ለመምህር ገብረ ሕይወት ሰጧቸው።

መምህሩ ቀለም ከመቀመም አስቀድመው ያስተማሯቸው ዓይንን ነበር። መቼም ሁላችንም የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ እያየን ያደግን ነንና አይጠፋንም፤ ጻድቁም ሰማዕቱም ፊቱን ወደኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ይሁዳና ሰቃዮቹ፣ አጋንንቱም ጭምር፣ ወደ ጎን ዞረው ባንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ደጉን ከክፉ የሚለየው በዚያ ነው። አለቃ ይህን ሥርዓት እንደ ጸሎት ይዘው፣ ከዓባይ ወዲህ ያሉ ስንትና ስንት አብያተ ክርስቲያናትን ሥለው፣ ወይዘሮ ይርጋነሽን በሥጋ ወደሙ አግብተው፣ ጥሩአየሁንና ባንቺዓለምን ወልደው፣ ተከብረው ኖሩ።

ከዚያ ለውጡ መጣ። መሬቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወሰድ ሥዕል የሚያሠራ ጠፋ፤ አለቃም ብሩሾቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከአልጋ ሥር አስቀመጡ። በ1970 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቀበሌው አስጠራቸው። ያን ጊዜ የተጠራ ሁሉ የሚመለስ አልነበረምና ወይዘሮ ይርጋነሽ የእስር ቤት ስንቅ ቋጥረው፣ ጋቢ ደርበው፣ እያለቀሱ ሸኟቸው። ለካ የተጠሩት ለሥራ ኖሯል! ከላይ የመጣ የታተመ ሥዕል ሰጧቸውና ለአብዮት በዓል ገበያው ዳር በሚቆም ትልቅ ቆርቆሮ ላይ እንዲገለብጡት አዘዟቸው።

ሥዕሉ ገበሬው፣ ወዛደሩ፣ ወታደሩ ተሰልፈው ሲሄዱ የሚያሳይ ነበር፤ ሁሉም ወደሚሄዱበት ስለሚያዩ፣ ከጎን ተሥለው ሁሉም ባንድ ዓይን ነበሩ። አለቃ ወረቀቱን አይተው ደነገጡ። ሲያርስ የኖረን ሰው እንዴት አድርገው ከይሁዳ ወገን ያቁሙት? እጃቸው እንቢ አላቸው። ስለዚህ ለማንም ሳይናገሩ የሰልፈኛውን ፊት አንድ በአንድ ወደኛ እያዞሩ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ዓይን እየሰጡ ሣሉት።

ሰልፉን ለሚመራው ባንዲራ ያዥ አብነት የሆናቸው የጎረቤታቸው የወይዘሮ ሸዋነሽ ልጅ አለበል ነበር። ሳቂታ ጎረምሳ፣ የእናቱ አንድያ። የመጥረጊያ እንጨት እንደ ባንዲራ ተሸክሞ እየቀለደ ይቆምላቸዋል፤ እሳቸው ይሥላሉ። ወደ መጨረሻው ግን ቆርቆሮው አለቀባቸው፤ ፊቱን ወደኛ እንዳይመልሱት ለትከሻው ስፍራ የለም፤ በዓሉ ነገ ነው፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ከኋላቸው ቆሞ "ጨርስ እንጂ ሽማግሌ!" ይላል። ፈሩ። እንደ ወረቀቱ ወደ ጎን አድርገው ሣሉት።

አለበል አየና ሳቀ። "አለቃ፣ ግማሼን ብቻ ነው የሣሉት፤ ሌላው ግማሼስ?"

"እሱን ለሚመጣው ዓመት አቆይቼልህ ነው" አሉት።

በሚመጣው ዓመት አለበል አልነበረም። ለእናት ሀገር ጥሪ ተብሎ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ ድምፁም ጠፋ። በመጨረሻ አብሮት የዘመተ አንድ ቁስለኛ ተመልሶ የሞቱን ወሬ ይዞ መጣ። ወይዘሮ ሸዋነሽ በልቅሶው ላይ የሚያቆሙት ፎቶግራፍ እንኳ አልነበራቸውም። የልጃቸው መልክ በዚህ ዓለም የቀረው በዚያ ቆርቆሮ ላይ ብቻ ነበርና በየገበያው ቀን እየሄዱ ከሥሩ ይቆማሉ፤ የቀበሌው ዘበኛ "ወግጂ ከመንግሥት ሥዕል!" እያለ ያባርራቸዋል። አንድ ቀን ታዲያ በቀጥታ ወደ አለቃ ቤት መጡና በር ላይ ቆሙ፤ ግቡ ቢሏቸው አልገባ አሉ።

"አለቃ፣ ልጄ ምን በድሎዎት ነው ከሰቃዮቹ ጋር ያቆሙት? ሰው ሁሉ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ የኔ ልጅ ብቻ!"

አለቃ ከዚያ ቀን ወዲያ እህል አልወርድ አላቸው። ቆርቆሮውን ያለ ፈቃድ መንካት የመንግሥትን ንብረት ማበላሸት ነው፤ ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ ምክንያቱን መናገር ሊኖር ነው፤ ምክንያቱ ከተነገረ የሰልፉ መሪ እስከ ዛሬ በክፉ ሰው ምልክት ቆሞ ኖሯል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ስንቱ ቀርቷል፤ እናንተው ታውቁታላችሁ። ሰው እየለቀመ የሚወስደው ላንድሮቨር በበሩ ባለፈ ቁጥር አለቃ ይነሣሉ፤ ወይዘሮ ይርጋነሽም "አንቱ ሰው፣ ዝም ይበሉ። የሞተው አይነሣ፤ እኛንም ያስቡን እንጂ" እያሉ ይለምኗቸው ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የቢቸናና የሞጣ አውራጃ የጥበብ ሰዎች ሞጣ ተሰብስበው ስለ ሥራቸውና ለባህል ስለሚሰጠው ጥቅም እንዲያስረዱ ታዘዘ። ቆርቆሮው ከምሰሶው ወርዶ በጭነት መኪና ተጫነ፤ አለቃም ከጎኑ ተቀመጡ። ከቢቸና እስከ ሞጣ መኪናው ባንገጫገጨ ቁጥር አለበል ባንዲት ዓይኑ አሻግሮ እያየ፣ እሳቸው እሱን እያዩ ተጓዙ።

በአዳራሹ መጀመሪያ የተነሣው መሰንቆ መቺው ቀለሙ ነበር። "ጓዶች፣ ድሮ ጌታውን አወድሼ ጠላ እጠጣ ነበር፤ ዛሬ ሰፊውን ሕዝብ አወድሼ ውሃ እጠጣለሁ፤ ጉሮሮዬ ጠርቷል!" ቢል ሰው ሊስቅ ከጀመረ በኋላ መድረክ ላይ የተቀመጡትን ሹማምንት ፊት አየና ሳቁን ዋጠው። ስፌት የሚሰፉት ወይዘሮ ውበቴ ቀጠሉና ስለ ሞሰባቸው ሐረግ ሲጠየቁ "እናቴ ስትሰፋ አየሁ፣ ሰፋሁ፤ ሌላ ትርጉም ካለው እናንተ ንገሩኝ" ብለው ተቀመጡ።

የአለቃ ተራ ደረሰ። ስብሰባውን ሊመራ ከበላይ የተላከው ጓድ ግን እሳቸውን ሳይጠብቅ ቆርቆሮውን በዘንግ እየነካ ራሱ አስረዳላቸው፤ ሰፊው ሕዝብ ወደ እኛ ያያል፣ መሪው ብቻ ወደ ኋላ ሳይል የወደፊቱን ያያል፣ ትልቅ ትርጉም ነው አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከእንግዲህ ከአለቃ የሚፈለገው አዎ ብሎ መቀመጥ ብቻ ነበር። መሰንቆ መቺው ቀለሙም ከጎናቸው ጋቢያቸውን ሳብ እያደረገ "አዎ በሉና ቁጭ በሉ፣ አባቴ" አላቸው።

አለቃ ቆመው ቀሩ። ከዚያ "ጓዶች፣ ሥዕሉ ስሕተት አለበት፤ ስሕተቱም የኔ ነው" አሉ። "በኛ ባንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው። ይህ ልጅ ክፉ አልነበረም፤ ስፍራ አጥሮኝ፣ ፈርቼም ነው። እናቱ በየገበያው እያየችው ታለቅሳለች። ዓይኑን ልመልስለት፤ ፍቀዱልኝ።"

ያ ጓድ እስከዚያ "እርስዎ" ሲላቸው የነበረው ተገለበጠ። "እንግዲያው ይህን ሁሉ ዓመት የአብዮቱን መሪ ክፉ ነው ስትል ኖርክ?"

ሞጣ አስቀሯቸው። ቆርቆሮው በመኪና ቢቸና ተመለሰ፤ እሳቸው አልተመለሱም። ወይዘሮ ይርጋነሽ ስንቅ ይዘው፣ ያንን ክረምት ሞጣ ዘመድ ቤት ተጠግተው፣ ዛሬስ ሳህኑ ተበልቶ ባዶውን ይመለሳል ወይስ ሳይበላ እንዳለ እያሉ ከእስር ቤቱ በር ላይ ቆመው ከረሙ። የቆሙበትን እግዜር ይቁጠርላቸው።

በዓሉ ሲቃረብ ግን አሳሪዎቹም ተጨነቁ። ወሬው ከአዳራሹ ወጥቶ ገበያው ሁሉ ቆርቆሮውን እያየ አፉን መያዝ ጀምሮ ነበር፤ እንዳያነሡት የበዓሉ ጌጥ ነው፤ የሚያድሰው ሌላ ሠዓሊ የለም። ስለዚህ አለቃን አውጥተው፣ ከስተውና ጠቁረው ሳሉ፣ ዘበኛ ከሥራቸው አቁመው መሰላል ላይ አወጧቸው። የባንዲራውን ጫፍ ቀንሰው ለትከሻው ስፍራ አገኙና ፊቱን ጨርሶ ወደኛ መለሱት። ሰውነቱ ይሄዳል፤ ፊቱ ግን ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ቤቱን የሚያይ ሰው መሰለ። ሊቀመንበሩ "መሪ ወደ ኋላ ያያል እንዴ?" ብሎ ቢቆጣም በዓሉ በማግስቱ ነበርና ቀለሙ ሳይደርቅ እንዳለ ተተከለ። ወይዘሮ ሸዋነሽ መጡ። ዘበኛው ያን ቀን አላባረራቸውም።

ከዚያ ወዲህ አለቃ ብሩሽ አልጨበጡም። መኪና በበሩ ሲያልፍ መነሣታቸውንም አልተዉም። ሞጣ ከያዛቸው የደረት ሕመም ጋር ሲታገሉ ቆይተው፣ ንስሐ ገብተው፣ ቆርበው፣ በዚህ በሐምሌ ወር 1981 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬም ይህን ስናነብ ዞር ዞር እያልን እያየን ነው፤ ግን እሳቸው በሞጣ የተናገሩትን እኛ በቀብራቸው ብንሸሽግ ደግ አይሆንም። ጠዋት አስከሬኑ በገበያው ዳር ሲያልፍ ወይዘሮ ሸዋነሽ "እዚህ ላይ አቁሙልኝ" ብለው አስቆሙት፤ ተሸካሚዎቹም ጎንበስ ብለው የአለቃን ጭንቅላት ወደ ቆርቆሮው አዞሩላቸው።

አለቃ አካለ ወልድ ከኋላቸው ወይዘሮ ይርጋነሽን፣ ጥሩአየሁንና ባንቺዓለምን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንደ እህት የሚያለቅሱላቸውን ወይዘሮ ሸዋነሽን፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የሚያዩንን ቅዱሳን ሁሉ፣ ገበያውም ዳር አለበልን ትተውልን ሄደዋል። ሰውን ያለ በደሉ ከክፉዎች ጎን አላቆምም ብለው የተጨነቁትን እኒህን አባት፣ አምላካችን በቀኙ ያቁምልን፤ ፊቱንም ከእሳቸው አይመልስ። አሜን።