ለሐዋርያ የተሠራ ወንበር

በዚያ ጠዋት ወደ ሥራዬ ስሄድ ሰማይ የሚሰነጥቅ ጩኸት ሰማሁ። ሰማዩ ባይሰነጠቅ እንኳ የኔ ጆሮ ተሰንጥቋል። ዘወር ብል፣ አናጺው ቤት በር ላይ አንድ ወንበር ተሰንቅሯል። ወንበር ስላችሁ እንደናንተ ቤት ወንበር እንዳይመስላችሁ፤ ዝሆን ቢቀመጥበት እግሩን አንፈራጦ ቦታ ይተርፈዋል። ሽማግሌው አናጺ ውስጥ ገጣጥመውት ኖሯል። እንጨቱን ሁሉ ሲለኩ በሩን መለካት ረስተዋል! እሳቸው ከውስጥ ይገፋሉ፣ ልጃቸው ከውጭ ይጎትታል፣ ወንበሩ ወይ ፍንክች።

«አንተ መንገደኛ! ክንድ የለህም እንዴ?» አሉኝ በወንበሩ እግሮች መካከል አጮልቀው።

ክንድማ ሞልቶኛል። በጉብዝናዬ ወራት ጋሪ ከነፈረሱ ከጉድጓድ አውጥቻለሁ፤ ፈረሱ እስከ ዛሬ ሲያየኝ አንገቱን ደፋ ያደርጋል። ኮቴን አውልቄ አንዴ ብጎትተው ወንበሩ ይባስ ጠበቀ።

«ለመሆኑ ለየትኛው ንጉሥ ነው?» አልኩ እያለከለክሁ።

«ለልጄ ነዋ! ሐዋርያ ሆኖልኛል። ምእመናኑ መርጠውታል። ከእንግዲህ ከሕዝቡ ፊት ለፊት ይቀመጥበታል።»

ልጅየው አፍሮ አቀረቀረ። የተማረ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነው። «አባባ፣ ስንት ጊዜ ልንገርዎት? የተመረጥኩት ልቀመጥ አይደለም፤ ከድንጋይ ካባው ማዶ ላሉት ሰዎች ልላክ ነው። የታመመ የሚጠይቅላቸው፣ ቃሉን የሚያነብላቸው የለም። ነገ እሄዳለሁ። ምርቃትዎን ብቻ ይስጡኝ፤ ሳይመርቁኝ እግሬ አይነሣም።»

«ሐዋርያት ዙፋን ተሰጥቷቸዋል ሲባል አልሰማህም? ለነሱ ዙፋን ከተገባ ለልጄ ወንበር ቢሠራ ምን አለበት?»

«ዙፋኑ በመጨረሻ ነው፤ መጀመሪያ መንገድ ነበር። ለመንገዱም ከረጢት እንኳ አትያዙ ተብለዋል። እርስዎ ይህን ሁሉ ግንድ አሸክመው ሊሰዱኝ ነው?»

ሳቄ አመለጠኝ። አናጺው በወንበሩ ስር ሲያፈጡብኝ ግን መልሼ ዋጥኩት።

«ስሙ የነሱ ነው፣ አባባ» አለ ልጅየው ረጋ ብሎ። «እኔ ሐዋርያ ነኝ አልልም። መላኩ ግን አላበቃም። የተላከ ሰው የራሱን ወሬ አያወራም፤ የላኪውን ቃል ያደርሳል፣ የወደቀውን ያነሣል፣ እነዚያ ሲጸኑ ደግሞ ሌሎችን ፍለጋ ያልፋል። ሰው ሁሉ ወደኔ ይምጣ ብዬ ብቀመጥ፣ መምጣት ያቃተውን ማን ያገኘዋል?»

ልብ በሉ፣ እኔ ዳኛ በክርክር አድክሜ ችሎት ያስበተንኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ አነጋገር ግን ከራሴ አፍ በቀር ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌውን ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስጨንቃቸው።

«እኔንስ?» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «እናትህ የለች። ቤቱ ባዶ ነው። ይህን ነገር ያከበድኩት እኮ አውቄ ነው። ወንበር የተሠራለት ሰው ጥሎ አይሄድም ብዬ።»

ልጅየው ደፉ ላይ ቁጭ አለና በወንበሩ ስር እጁን ሰዶ የአባቱን እጅ ያዘ።

«እማማ ስትታመም የመጣችውን ሴት ያስታውሷታል?»

«እንዴት እረሳታለሁ! ዘመድ አይደለች፣ ጎረቤት አይደለች። ገላዋን አጥባ፣ ጸሎት አድርሳ፣ አጠገቧ ሆና አሳደረቻት። እናትህ ፈርታ ነበር፤ ስታርፍ ግን ፊቷ በርቶ ነበር።»

«አባት የነበራት ይመስልዎታል?»

«ማን? ሴትየዋ?»

«አዎ። አባቷ ‹ቤቴ ባዶ ነው› ብሎ አስቀርቷት ቢሆንስ፣ አባባ?»

አናጺው እጃቸውን ስበው ተነሡ። ወዲያው ከውስጥ የመጋዝ ድምፅ ተሰማ። የወንበሩን ክንዶች እየገዘገዙ ያጉረመርማሉ፣ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ፣ ደግሞ ይገዘግዛሉ። እኔም የወደቀውን እንጨት በታላቅ ጀግንነት ወደ ዳር አደረግሁ። በሩ ሲከፈት ሰጋቱራ የነካውን እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ ጫኑ።

«የላከህ ይቅደምልህ። ቃልህ ይጣፍጥ። የምታገኘውን ሰው ሁሉ እንደናትህ እየው። ሂድ ልጄ፤ ደስ ብሎኝ ነው የምሰድህ… ደስ እንዲለኝም ጸልይልኝ።»

እኔ አላለቀስኩም። ሰጋቱራ ዓይኔ ገብቶ ነው፤ ያውም ግንድ የሚያህል።

ልጁ ከሄደ ወዲህ ማዶ የታመመ ብቻውን አያድርም፤ ማንበብ የማይችለው ማንበብ ይዟል፤ ያዘነው የሚያጽናናው አግኝቷል። የድንጋይ ካባው ሰዎችም ወደ ገበያ ሲመጡ አናጺው ቤት ሳይገቡ አያልፉም። አባት ልጁን ቢሸሽግ ኖሮ፣ እነሱም እሱም ብቻቸውን በቀሩ ነበር።

በቀደም ጎራ ብዬ «አይናፍቅዎትም?» አልኳቸው።

«ይናፍቀኛል እንጂ! እንጨት መሰልኩህ?» አሉኝ ከሥራቸው ቀና ብለው። «ከዚያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ግን ልጄ የጨበጠውን እጅ ይዞልኝ ይመጣል። እኔም ስጨብጠው ቶሎ አልለቀውም።»