ከግድግዳው ወዲያ ያለው መጋዝ

ሐጅ ሻዝሊን ያገኘኋቸው እዚህ ግብፅ፣ ዳሚየታ ወደብ መንገድ ላይ ካለው የሸንኮራ ጭማቂ ቤት በአጋጣሚ ነው። አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ጎረቤቴ ናቸው። የመንግሥት ቦንዳቸው ጊዜ ደርሶ ገንዘባቸው ስለተመለሰ፣ መልሰው የሁለት ዓመት ቦንድ ሊገዙበት ወደ ባንክ እየሄዱ ነበር። ባንክ የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ሹሩቅ እያለከለከች ደረሰችባቸው።

«አጎቴ፣ ይሄ እኮ የክፉ ቀን ገንዘብ ነው። የገንዘብ ገበያ ፈንድ ውስጥ ያስቀምጡት።»

«ፈንድሽ ትርፉ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ። ቦንዱ ግን ቃሉን አይለውጥም!»

«ቃሉን የሚጠብቀው እርስዎ ቀኑን ከጠበቁለት ነዋ። በመሃል ከሸጡት የዕለቱን ዋጋ ነው የሚያገኙት፤ ወለድ ሲጨምር ደግሞ የድሮው ቦንድ ይረክሳል። ፈንዱ የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ የሚያበድረው ለአጭር ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ዋጋው ብዙም አይናወጥም። ባለፈው ዓመት ቢሆን ኖሮ…» አለችና አፏን ያዘች።

ባለፈው ዓመት የሟች ወንድማቸው ልጆች ከሐጁ ጋር የሚጋሩትን የአያታቸውን ወርክሾፕ ግማሽ ለባዕድ ሸጡት። ሕጋችን ባለድርሻው ከባዕድ ቀድሞ እንዲገዛ ይፈቅድለታል፤ ግን ሙሉውን ዋጋ በቀነ ገደቡ ፍርድ ቤት ማስያዝ አለበት። የሐጁ ቦንድ ያኔ ረክሶ ነበር። በኪሳራ አልሸጥም ብለው ዋጋው እስኪያገግም ሲጠብቁ ቀኑ አለፈ። እኔም አብሬያቸው «ይጠብቁ» ስል ነበር፤ የተማርኩት ሰውዬ!

«ጨርሺው እንጂ!» አሉ ሐጁ። «ትንሽ ኪሳራ ፈርተው የአባትዎን ወርክሾፕ አጡ በይኝ!»

«እኔ አላልኩም፣ አጎቴ።»

«እኔ ግን በየቀኑ እለዋለሁ።»

ወደ ሹሩቅ ዞርኩ። «እና ቦንድ ጭራሽ ይቅር?» አልኳት።

«ኧረ አይቅር! የልጅዎ የዛሂያ የሰርጓ ገንዘብ ቀኑ ይታወቃል፤ በሱ ቦንድ ይግዙበት። ቀኑ የማይታወቀው ነው ፈንድ ውስጥ የሚቀመጠው። ፈንዱም ትርፉ ሊወርድ ይችላል፣ አልዋሽዎትም። ግን በጠየቁት በማግስቱ እጅዎ ይገባል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ገበያውን አይለማመጡም።»

ሐጁ ጭማቂያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። «በይ ነይ፣ አስፈርሚኝ።»

ፈርመው ስንመለስ በወርክሾፑ በኩል አለፍን። ግቢውን ለሁለት የከፈለው አዲስ ግድግዳ ገና ቀለም አልተቀባም፤ ከወዲያ ግማሹን የገዛው ሰውዬ መጋዝ ይጮኻል።

«ይሸጥልኝ እንደሆን ጠይቄው ነበር» አሉ ሐጁ።

«ምን አለ?»

«ለልጆቼ ነው የያዝኩት አለኝ። አባቴም እንደዚያው ነበር የሚለው።»