የተደፈነው ፈሰስ

ውኃው ወዴት ሊሄድ ኖሯል? እድላዊት ሆላንድ አገር ስድስት ዓመት ስለ አፈር ተምራ ብትመለስም ለዚህ መልስ አላገኘችም። ከሉማሜ በላይ፣ ከቦረቦሩ አፋፍ ቆማ ቁልቁል ታያለች። ዐምና በእሷ ንድፍ በዘመቻ የተሠራው እርከን ክረምቱን ውኃ ሲያቁር ከርሞ አንድ ቀን ተደረመሰና የአያ አበባውን የጤፍ ማሳ እኩሌታ ይዞ ወረደ።

አያ አበባው ከቅዳሴ ሲመለሱ አፋፉ ላይ አገኟት።

«የሥራነሽ ልጅ፣ የቀረውን ልትወስጂ መጣሽ?»

«እንደምን አረፈዱ፣ አያ አበባው። ጥፋቱ የት ላይ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

«ጥፋቱማ ያውልሽ!» በመቋሚያቸው ሽቅብ አመለከቱ። «አባቴ የቀደዱት ፈሰስ ነበረ፤ ውኃውን በአግድም እየመራ ግጦሹ ላይ የሚያወጣ። እርከንሽ ደፈነው።»

«ታዲያ በስብሰባው ለምን አልተናገሩም?»

«እጄን አውጥቼ የለ? ‹አባባ፣ ሰዓት የለንም› ያልሽኝ አንቺው!»

አስታወሰች። ያን ቀን ከስብሰባው ወጥታ ሻይ ቤት ሁለት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ጠብቃ ነበር።

«እንግዲያው አሁን ያስተምሩን። እርስዎ የውኃውን መንገድ ያሳዩ፣ ወጣቶቹ ይቆፍሩ፣ እኔ ቁልቁለቱን ልለካ።»

«ማንን ላስተምር? የሚያውቀው ልጄ አምሳሉ ነበር። መሬቱ ሲሄድ እሱም ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ገባ። ‹የምታውቀውን መናገር አቅቶህ ማሳችንን አስበላህ› ብሎ ሰድቦኝ ነው የሄደ።»

«አይቆጡኝና እውነቱን ነው። እኔ አልሰማሁም፤ እርስዎም አኩርፈው ዝም አሉ። ፈሰሱስ ቢሆን ብቻውን መቼ ይበቃል? የታች ጎረቤቶችዎ አፈራችንን አጠበው ብለው ስንቴ ከሰሱዎ?»



«ሦስት ጊዜ» አሉ ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተደግፈው። «ይሁን፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ላስተምር። ግን አምሳሉን ጥሪልኝ። ፈሰሱ የሚነሣበትን ድንጋይ ዐይኔ ደክሞ አልለየውም፤ ከእሱ በቀር ያሳየሁት የለም።»

የሽማግሌው ዕውቀትና የወጣቷ መለኪያ አብረው ሽቅብ ቢወጡ የተረፈው ማሳ ይድናል፤ ጎረቤትም ከፍርድ ቤት ደጅ ያርፋል፤ ልጅም ከአባቱ አጠገብ አርሶ ይበላል። ይህ ለሁለቱም ገባቸው። የገባቸው ግን እኩሌታው ማሳ ከሄደ በኋላ ነው።

እድላዊት እዚያው ቆማ በስልኳ ጻፈች፦ «አምሳሉ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አባትህ ሊያስተምሩ ተስማምተዋል። ድንጋዩን የምታውቀው አንተ ነህ። ከሰኔ በፊት ድረስልን።»

መልእክቱ መነበቡን ስልኳ አሳያት። በየእሑዱ አያ አበባው «ምን አለ?» ይሏታል። ሰኔ ገባ፤ ፈሰሱ እንደተደፈነ ዝናቡ ጣለ። አምሳሉ አልመለሰላትም።