በሩ ላይ የተሰቀለው ቀይ ካልሲ

እንኳን መጣሽ እታለም! ግቢ፣ ግቢ። ጫማሽን አታውልቂ፤ ቤቱ ዛሬ የሻንጣ መጋዘን ሆኗል። ጠዋት ደመና ነበር፣ አሁን ግን ፍንትው አለ፤ ለመንገድ የሚሆን ቀን ነው። ነይ እስቲ፣ አበቦቹን ላሳይሽ። ይቺ መስኮቱ ጋ ያለችው ውሃ ትወዳለች፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጠብ አድርጊላት። ያቺ ወፍራም ቅጠል ያላት ደግሞ ብትረሻትም ግድ የላትም። ሳምንት ሙሉ ዞር ብለሽ ባታዪያት እንኳ ቀጥ ብላ ትቆያለች… ለዚህ ቤት የተፈጠረች ናት። እኔና እሷ በደንብ እንግባባለን።

ምነው እንዲህ አየሽኝ? ጮክ ብዬ ስለማወራ ነው? ጆሮሽ ደከም ያለ መስሎኝ ነው እኮ። ደህና ነው? እግዜር ይመስገን። ለማንኛውም ጮክ ብል ይሻላል፤ ይሄ ኮሪደር ድምፅ ይውጣል። በር ሲዘጋ ደግሞ… የባሰ ይውጣል።

ወንድምሽ? አለ፣ ደህና ነው። ያው ካልሲው ከተሰቀለበት በር ኋላ ልቦለዱን ይጽፋል። ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «እናንተ ሂዱ፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው የቀረኝ፣ በአውቶቡስ እደርስባችኋለሁ» አለን። እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው! መኪናው እንዳይጠበን ብሎ እኮ ነው። ስለ እሱ አንድም ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም። አሁን የማጫውትሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። አንድ የማውቀው ጸሐፊ አለ… አንቺ አታውቂውም። ብታውቂውም እንደማታውቂው ሁኚልኝ።

ያም ሰው ልቦለድ ይጽፋል። ምን የመሰለ ልቦለድ! አንድ አባት ነው፤ አውቶቡስ ጣቢያ ግርግር ውስጥ ልጁ ትጠፋበታለች። ከዚያ ዕድሜ ልኩን ከከተማ ከተማ እየዞረ ይፈልጋታል። ልጅቷን በኮቴዋ ይለያታል፣ ስታስል ያውቃታል፣ ጀርባዋን ከሩቅ አይቶ «ይቺማ የኔ ናት» ይላል። ሚስቱ ረቂቁን ስታነብ ስቅስቅ ብላ ነው ያለቀሰችው። እንዲህ ያለም አባት አለ ለካ፣ አለች። ብታገኘው ልታገባው ሁሉ አስባ ነበር… ግን ባለትዳር ናት፣ ምን ታድርግ?

ጸሐፊው ራሱስ ቢሆን የሚታማ ነው? ልጅ ወዳድ ነው! ሚስቱ እንደኔው ፋርማሲ ነው የምትሠራው፣ አይገርምም? እና አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ምን ብታይ ጥሩ ነው? ሰውየው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ልጁን ሒሳብ ያስጠናል። ማካፈል። በትዕግሥት፣ በፍቅር፣ ፀጉሯን እየደባበሰ፣ «ጎበዝ የኔ ልጅ» እያለ። ሚስት በሩ ላይ እንደቆመች ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ልጅቷ ቀና ስትል… የጎረቤት ልጅ ናት! መቀስ ልትዋስ መጥታ ነው። የሱ ትንሿ ልጅማ አልጋ ሥር ተደብቃ ትጠብቃለች፤ ድብብቆሽ ሊጫወቱ ተስማምተው ፈላጊው እሱ ነበር። እዚያው እንቅልፍ ይዟት ሄዷል። ለነገሩ የጎረቤት ልጅ ማካፈሉን አሁን አቀላጥፋ ትሠራዋለች። መልካም ሥራ ለማን ተሠራ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?

ለወጥ ቤትም ቢሆን እጁ አያጥርም። ሚስቱ «ወተቱን እስኪፈላ እየው፣ አደራ» ብላው ሱቅ ወጣ አለች። አደራ በላ እንዳትይ፣ አየው! ሲፈላ አየ፣ ሲገነፍል አየ፣ ምድጃው ላይ ሲንፏቀቅ አየ፣ ሲያር ቆሞ አየ። ከዚያ ሮጦ ሄዶ ጻፈው። እየው ተባለ እንጂ አውርደው መች ተባለ? ያረረ ወተት ሽታን እንደሱ አድርጎ የጻፈ ሰው የለም፤ ስታነቢው አፍንጫሽን ትይዣለሽ። ድስቱን ማን ፈተገው ነው የምትይኝ? እንዴ እታለም፣ ድስቱ እኮ ልቦለዱ ውስጥ የለም። ታዲያ እሱን ምን አገባው?

አይገርምሽም፣ ያም ሰውዬ ካልሲ አለው። ቀይ የሕፃን ካልሲ፣ የትንሿ የነበረ። አንደኛው እግር ሲጠፋ ሌላኛውን ለሥራ ፈለገው። ሲጽፍ የበሩ እጀታ ላይ ይሰቅለዋል። ካልሲው ከተሰቀለ በር አይንኳኳም፣ አይሮጥም፣ ሰው አይጠራም። ልጆቹ ሕጉን በራሳቸው አፍ አሳጥረውታል፦ «ካልሲው ካለ አባባ የለም።» ስልክ ሲደወል ትንሿ ብድግ ታደርግና «አባባ የለም፣ ካልሲው አለ» ትላለች። ደዋዩ ምን እንደሚገባው እንጃለት።

ታዲያ አምና ዕረፍት ሊወጡ ሆነ፣ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሐይቅ ዳር። ሰውየው እመጣለሁ አለ፣ መጣም። የኋለኛውን ወንበር ለብቻው ያዘ፣ ብርድ ልብስ እንደ መጋረጃ ጋረደ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ ካልሲውን ፊቱ ካለው ወንበር ራስጌ ላይ ሰቀለ። ሚስቱ ትነዳለች። ትልቋ ፊት ሆና መንገድ ታሳያለች። ትንሿ መሐለኛው ወንበር ላይ ናት፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ዘፈን የለ፣ ጨዋታ የለ። ላም እንኳ ቢያዩ በሹክሹክታ ነው። «ላም…» «አየሁ፣ ቀስ በይ።» እንዲህ ያለ ጨዋ ቤተሰብ አይተሽ ታውቂያለሽ?

መንገድ ላይ ነዳጅ ሊቀዱ ቆሙ። ልጆቹ ሽንት ቤት ሄዱ፣ እናትየው መስታወቱን ትወለውላለች። ሰውየው ባትሪው አልቆበት ኖሮ ላፕቶፑን አቅፎ በወዲያኛው በር ወረደና ማደያው ሻይ ቤት ገባ፤ ሶኬት ያለበት ጥግ ፈልጎ ተቀመጠ። ለማንም አልተናገረም፤ ሰው ማስቸገር አይወድማ! ካልሲውን ግን እንደተሰቀለ ረሳው።

ከዚያማ ምን ይጠየቃል? ሴትየዋ ዞር ብላ ብታይ ካልሲው አለ፣ ብርድ ልብሱ ተጋርዷል፣ ድምፅ የለም። ሁሉም እንደ ወትሮው ነው። ሞተሩን አስነሳች፣ ሄዱ። ኮረብታውን ወጡ፣ ድልድዩን ተሻገሩ። ብስኩት ተከፈተ። ትንሿ በብርድ ልብሱ ሥር አንድ ብስኩት ቀስ አድርጋ አሾለከችለት፤ የሚያነሳው ጠፋ። «ጥሩ ቦታ ደርሶ ነው» ተባለ። ሌላም አሾለከች፣ ሌላም። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሐይቁ ብቅ አለ። ትንሿ ሐይቅ አይታ አታውቅም። «እማዬ፣ ለአባባ ላሳየው?» አለች በሹክሹክታ። እናት ተብዬዋስ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ተይ፣ አትረብሺው።» … ባዶ ወንበር እንዳትረብሽ እኮ ነው!

ልጅ ልጅ ነውና ገለጠችው። ብስኩቶቹ ተደርድረዋል፣ ሌላ ምንም የለም። አልጮኸች፣ አላለቀሰች። ምን አለች መሰለሽ? «እማዬ… አባባ መጽሐፉ ውስጥ ገባ?»

ቆይ እታለም፣ ይቺን ሻንጣ ያዥልኝ፣ ዚፑ አልዘጋ ብሎኝ ነው። ዓይኔን? አቧራ ነው። ሻንጣዎቹ ዓመቱን ሙሉ ቁም ሣጥን ላይ ነው የከረሙት።

እና ተመለስን። ተመለሱ ማለቴ ነው። ሰውየው እዚያው ጥጉ ጋ አለ። አስተናጋጇ የቀጠረው ሰው የቀረበት መስሏት አዝናለት ሻይ ታመላልሳለች። ሚስቱ መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ነው የመጣችው። እሱ ቀና አለ፣ ፈገግ አለ፣ ልጆቹን አየና፣ «ተነሳን እንዴ? ዛሬ እንዴት ጸጥ ብላችኋል፣ ጎበዞች! ምዕራፉን ጨረስኩት» አለ። መቅረቱን አላወቀም እኮ! ልጆቹም «እሺ አባባ» ብለው ወደ መኪናቸው። ሴትየዋም ያሰናዳችውን ሁሉ ዋጥ አድርጋ መሪዋን ያዘች። የጨረሰው ምዕራፍ ደግሞ የትኛው ቢሆን ጥሩ ነው? አባትየው ጣቢያ ላይ ዞር ሲል ልጁን የሚያጣበት። ለአፍታ ከዓይኑ ስትሰወር ክው ብሎ ሲቀር! ከየት እንዳመጣው አንድዬ ይወቅ።

ሐይቁም ጋ አልተደበቃቸውም፣ አንድ ቀን ከክፍሉ ወጥቷል። ልጆቹ ሊዋኝ መስሏቸው በደስታ ዘለሉ። ለካ ለሥራው ሊጠይቅ ኖሯል፦ «ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ውሃ ስታይ ምንድን ነው የምትለው?» ሚስቱ ነገረችው። «በሹክሹክታ ነው የምትናገረው» አለችው። ወደደው! አመስግኗት ሮጦ ገባ። እንዲህ የሚስቱን ምክር የሚሰማ ባል ስንት አለ?

ሰማሽ? ኪቦርዱ ቆመ… ወንድምሽ ቃል ጠፍቶበት ይሆናል እንጂ የእኛን ወሬ ሊሰማ አይደለም። ደግሞ ስለ እሱ መች አወራን? ቆይ… ጀመረ። ፈጠን ፈጠን እያለ ነው። ኸረ የምለውን እየጻፈው እንዳይሆን! ብስኩቷን ልቦለዱ ውስጥ ካስገባት ከኔ አፍ እንደሰማሽ ምስክሬ ነሽ።

እኛ ግን ከዚያ ቤተሰብ ተምረናል። ዘንድሮ ብርድ ልብስ አልጫንኩም። የኛ ትንሿ ከቁርስ ጀምሮ መኪናው ውስጥ ገብታ ቁጭ ብላለች። በመስኮት እዪያት፤ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ እጇን ዘርግታ ቦርሳ አታስጠጋ፣ ውሃ አታስጠጋ። «የአባባ ነው» ትላለች። «አባባ እኮ በአውቶቡስ ነው የሚመጣው» ብላት፣ «አውቶቡስ ላይም ካልሲ ይሰቀላል?» አለችኝ። ለራሴ አይደለም እታለም፤ እኔ ያቺ ወፍራም ቅጠል ነኝ፣ ነግሬሻለሁ። የሷ እጅ ነው ሆዴን የበላው። አሁን ሞተሩን ሳስነሳ ያንን እጅ ከወንበሩ ላይ የሚያነሳው ማነው? እኔስ አልችልም።

በይ፣ ቁልፉ ይኸውልሽ። አበቦቹን አደራ። ክፍሉ ውስጥ ያለውንም አትርሺው፤ በር ላይ ሻይ አስቀምጠሽ መሄድ ነው። እንዳታንኳኪ ብቻ።

ከመውጣቴ በፊት ግን ያንን ሰውዬ ልመርቀው፤ አምቼው ብቻ እንዳልሄድ። አሜን በይ። መጽሐፉን ያስጨርሰው። ይታተምለት፣ ይነበብለት፣ ስሙ ከአገር አገር ይጠራ። አንባቢው ተሰልፎ ይጠብቀው፣ ሰልፉ ከበር አልፎ መንገዱን ይሙላው። ልጆቹንም ያሳድግለት፣ ለቁም ነገር ያድርስለት። እነሱም አድገው፣ አምረው፣ መጽሐፉን እንደ ሰው ገዝተው፣ ያን ሰልፍ ተሰልፈው፣ ተራቸው ደርሶ ፊቱ ለመቆም ያብቃቸው። እሱም ያን ጊዜ እስክሪብቶውን አንስቶ፣ ቀና ብሎ፣ ያንን የሚያምር ፈገግታውን ፈገግ ብሎ… «ልጆቼ፣ ስማችሁን ማን ልበል?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃቸው።

አሜን በይ እንጂ፣ እታለም!