ከወዳጅ ጋር ያልተጻፈ ውል

ሽማግሌው አራሽ ከፍርድ ቤቱ በር ሲወጣ እግሩ ወዴት እንደሚወስደው አያውቅም ነበር። አጥሩ ሥር ጃንጥላ ዘርግታ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምትጽፈው የወንድሙ ልጅ ባትጠራው ኖሮ ዝም ብሎ ያልፋት ነበር። ሊያጽናናው አብሮት የመጣው ጎረቤቱም ከኋላው ቆመ።

«አጎቴ! ምነው ፊትዎ እንዲህ ጠቆረ?»

«አለቀልኝ ልጄ፤ ተረታሁ» አለና ድንጋዩ ላይ ዘፍ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወዳጁን መሬት በገዛ በሬዎቹ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ፣ አጭዶለታል፤ ምርቱን እኩል ሊካፈሉ። እህሉ ሳይወቃ ወዳጁ ሞተ። ልጆቹ ሁሉንም ጎተራቸው አስገብተው፣ «እርስዎ በቀን ሥራ ነው የሠሩለት፤ ሒሳብዎን ወስደዋል» አሉት። ጨዋ ልጆች ናቸው መቼም፤ አንቱ እያሉ ነው የዘረፉት! የሽማግሌው ቤት ደግሞ ዓመቱን የሚበላው ያንኑ እህል ነበር። ለቀለብ ብሎ አንዱን በሬ ሸጦታል።

«ውል አልነበራችሁም?»

«በእኔና በእሱ መካከል? አብረን አድገን ወረቀት?»

«እሱስ እንጻፍ ብሎዎት አያውቅም?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «ብሎኛል። አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ አስጠርቶ፣ ‹ልጆቼ የእኛን ነገር አያውቁም፤ እናስጽፈው› አለኝ። እኔ ደግሞ ‹ዛሬ ባዳ አደረግኸኝ?› ብዬ በሩን አላትሜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ሳንነጋገር ሞተ።»

አይ የሰው ነገር! የሚያድነውን ቃል እንደ ስድብ ቆጠረው።

«ታዲያ ወረቀት አለመተማመን አይደለም?» አለ ሽማግሌው፣ አሁንም ላለመሸነፍ።

«የለም አጎቴ። መተማመኑማ ነበራችሁ፤ አብሮት ተቀበረ እንጂ። ውል የሚጻፈው ወዳጅ ይክዳል ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ወዳጅ ይታመማል፣ ይረሳል፣ ይሞታል። ድርሻችሁ፣ ዘር የሚያወጣው፣ የመካፈያው ጊዜ ተጽፎ ምስክር ቢፈርምበት ኖሮ ልጆቹም አይዋሹም፣ እርስዎም ደጅ አይጠኑም። እሱንም ተቆጥተው አይለዩትም ነበር።»

ይህችን የመጨረሻ ቃል ሲሰማ በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ።

«ይግባኝ ብልስ?»

«ማን ሊመሰክርልዎት?»

«ሚስቱ ሰምታለች። ግን በልጆቿ ላይ እንዴት አድርጋ ትመሰክራለች?»

«እንግዲያው አልዋሽዎትም፤ የዘንድሮው ሄዷል።»

ሽማግሌው ወደ ጎረቤቱ ዞረ። ያም ያለው አንድ በሬ ነው፤ ለመጪው እርሻ በሬዎቻቸውን ሊያቀናጁ በቃል ተስማምተው ነበር።

«ጻፊልን» አላት።

ጎረቤትየው ፊቱ ተለወጠ። «እኔንና አንተን? ዛሬ ባዳ አደረግኸኝ?» ብሎ መንገድ ጀመረ።

ሽማግሌው እየተንገዳገደ ተከትሎ የኮቱን እጅጌ ያዘው። «ተው፣ ተመለስ። እኔም ይህንኑ ነው ያልኩት። ያልኩት ሰው ግን ይቅርታዬን ሳይሰማ ሞተ።»

ጎረቤትየው አየው፤ ተመልሶም ተቀመጠ። ልጅቷ የማን ማሳ እንደሚቀድም፣ መኖውን ማን እንደሚያቀርብ፣ አንዱ በሬ ቢሞት ምን እንደሚሆን እየጠየቀች ጻፈች። ተከራከሩም፤ ጎረቤትየው ስለ መኖው ያሰበው ሌላ ኖሯል!

«ይኸው፣ ዛሬ ተጨቃጨቃችሁ፤ ነገ ልጆቻችሁ አይካሰሱም» አለቻቸው።

ሁለቱም በአውራ ጣታቸው፣ እዚያው የነበሩ ሁለት ባለጉዳዮችም በምስክርነት ፈረሙ። ሽማግሌው ቀለም የነካ ጣቱን ሳይጠርገው ቆየ።

«የለመነኝ ይህችኑ ነበር» አለ።